ልክና መልክ፤ ትንንሽ መኪናዎች በጥበብ ሚዛን

የእጅ ጥበብ ሲገመገም የሐያሲው ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው በሸማው ጥለት፣ በመሶቡ ስፌት፣ በመስቀሉ ቅርጽና በጀበናው አንገት ላይ ነው። እነዚህ ጥበቦች በዘመናት ብዛት የተፈተኑ፣ ስምና ወግ የወጣላቸው ስለ ሆኑ መመዘኛቸውም አብሯቸው አድጓል። ከጭቃ፣ ከአገዳ፣ ከሽቦና ከቆርቆሮ የምትሠራው ትንሽ መኪና ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማትም። ሠሪዋ ልጅ ነው፣ ዕቃዋ ውዳቂ ነው፣ ተግባሯም ጨዋታ ነው በሚሉ ሦስት ምክንያቶች ከጥበብ አደባባይ ውጭ ቀርታለች።

ሦስቱም ምክንያቶች ሲመረመሩ አይጸኑም። ስለ ጨዋታው የተነሣ እንደ ሆነ፣ ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የኢትዮጵያን ጨዋታዎች የሚመለከት አንድ ሙሉ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1935 አሳትሟል፤ ጨዋታ ለጥናት የሚበቃ ቁም ነገር መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን አልፏል። ስለ ዕቃው የተነሣ እንደ ሆነም፣ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ «ታይትሮፕ» በሚል ርእስ በሠራቸው ተከታታይ ሥራዎች የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የኮምፒዩተር ክፍሎችን ሰብስቦ በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ አብቅቷል። ውዳቂ የሚባለው ነገር እጅ ያልነካው ነገር ብቻ መሆኑን ይህ ሥራ አስረድቷል። የሠሪው ዕድሜ ደግሞ ከመጀመሪያውም መመዘኛ ሊሆን አይችልም፤ ሐያሲ የሚመዝነው የሥራውን ብስለት እንጂ የሠሪውን ልደት አይደለም። ስለዚህ ትንሿ መኪና ሚዛን ላይ መውጣት ይገባታል። ስትወጣም ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቋታል፤ አንደኛው የመልክ፣ ሁለተኛው የልክ ጥያቄ ነው። እውነተኛዋን መኪና ትመስላለችን? ከእውነተኛዋ መኪናስ ጋር ትመጣጠናለችን? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ቢመስሉም አንድ አይደሉም፤ የጥበቡ ኃይልም ድካምም ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ጉዳዩን ከአንድ ተጨባጭ ሥፍራ ተነሥቶ መመልከት ይበጃል። በሰሜን ሸዋ የምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አረርቲ የእህል አገር ናት። የምንጃር ጤፍ በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው፤ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል አማካይነት ለገበሬ የቀረበች አንዲት የሽምብራ ዝርያም «አረርቲ» ተብላ የከተማዋን ስም ተሸክማለች። እህል ባለበት ጭነት አለ፤ ጭነት ባለበትም መኪና አለ። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚያድግ ልጅ መኪናን የሚያውቃት የመንሸራሸሪያ ዕቃ አድርጎ አይደለም። ኩንታል ሲጫንባት፣ ሸራ ሲለበስባት፣ ገመድ ሲታሰርባት፣ ከኋላዋ ዝቅ ብላ ዳገት ስትወጣ እያየ ነው። ለእርሱ መኪና ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ተሸካሚ ናት፤ ፍጥነቷም ውበቷም ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በእጁ የሚያበጃት ትንሽ መኪናም ይህንኑ ዕውቀት ይዛ ትወለዳለች።

በአረርቲም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ የገጠር ከተሞች ይህ ጥበብ የራሱ የትምህርት ደረጃ አለው፤ ደረጃውም የሚለየው በዕቃው ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ጭቃ ነው። የጭቃ መኪና ዝርዝር የላትም፤ ያላት ግዝፈት ብቻ ነው። ልጁ ከጭቃ የሚማረው የመኪና አካል ከፊትና ከኋላ እኩል አለመሆኑን፣ ካቢናው ከጭነቱ የተለየ ክብደት ያለው መሆኑን ነው። ፀሐይ ሲመታት ትሰነጠቃለች፤ ጎማ ተብሎ የተሰካው ቆርኪም ይወልቃል፤ ትምህርቱ ግን በእጅ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ዕቃ አገዳ ነው። የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ ሲላጥ ለስላሳው ውስጡ እንደ ጡብ ይቆረጣል፤ ጠንካራው ልጣጩ ደግሞ ተሰንጥቆ ሚስማር ይሆናል። አንዱ ተክል ግንቡንም ማያያዣውንም ስለሚሰጥ ልጁ በዚህ ጊዜ የሚማረው መጋጠሚያን ነው፤ ማለትም አንድ ነገር ከሌላው ነገር ጋር በምን እንደሚያዝ ነው።

ሦስተኛው ዕቃ ሽቦ ነው። ሽቦ በአየር ላይ የተሣለ መሥመር ስለ ሆነ የሠሪውን ስሕተት አይደብቅም። ጭቃ በጣት ይሞላል፣ አገዳ በስንጥር ይደገፋል፤ ሽቦ ግን አንዴ ያለ ቦታው ከታጠፈ እጥፋቱ ይታያል። ከዚህም የተነሣ የሽቦ መኪና የምትሠራው የመኪናዋን አጥንት በሚገባ ባጠና እጅ ነው። ከሽቦው በላይ የዘይት ቆርቆሮ ወይም የጣሳ ገላ ተቆርጦ ሲለብስ፣ ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል ጎማ ሲወጣ፣ ከፊት እግሯም ረጅም ዘንግ ተነሥቶ በጫፉ ላይ ክብ መሪ ሲታሰር መኪናዋ ተፈጸመች ይባላል። ልጁ ቆሞ እየሮጠ ከኋላ ይነዳታል፤ መሪውን ሲያዞር የፊት ጎማዎቿ በእርግጥ ይዞራሉ። በመደርደሪያ ላይ ከሚቀመጠው ሞዴል የምትለየው በዚህ ነው፤ ለመታየት ብቻ ሳይሆን ለመሥራትም ተፈጥራለች።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ልጁ ከመኪናዋ ክፍሎች ሁሉ አንዳንዱን በጥንቃቄ ይሠራል፤ አንዳንዱን ፈጽሞ ይዘለዋል። ምርጫው እንዲያው በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም። በሾፌሮችና በረዳቶች አንደበት ሲጠራ የሚሰማው ክፍል ይሠራል፤ ስሙ የማይሰማው ክፍል ይቀራል። ባሌስትራ፣ ስፖንዳ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ካቢና የሚባሉት ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ የጋራዥ ቃላት ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ወረራ ጊዜ በተዘረጋው መንገድ ላይ ካሚዮን ሲመላለስ ቋንቋውንም ይዞ ገባ፤ ወራሪው ተባርሮ ሲወጣ ቃላቱ በሠራተኛው አንደበት ቀሩ። የትንሿ መኪና ሠሪ እነዚህን ቃላት ወደ ቅርጽ የሚመልስ ሰው ነው። እንግዲህ እርሷ የዓይን ብቻ ሳትሆን የጆሮም ሥራ ናት፤ ስለ መኪና የሚነገረው ሁሉ በእርሷ ላይ ተጽፏል።

ይሁን እንጂ ምስጋና ብቻ ሒስ አይሆንም። በእነዚህ ሥራዎች ላይ በመጀመሪያ የሚታየው ጉድለት የልክ ጉድለት ነው። ጎማው ከአካሉ ይገዝፋል፤ ካቢናው ከጭነቱ ይረዝማል፤ የጎን መስተዋቱ የበሩን ያህል ይሆናል፤ ከኋላ የተጻፈው ሰሌዳ ከስፖንዳው ወጥቶ ይንጠለጠላል። ይህን ያየ ተመልካች ሠሪው መመጣጠንን አያውቅም ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ፍርዱ ግን የችኮላ ፍርድ ነው። በጥንታዊው የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የባለ ታሪኩ መጠን የሚወሰነው በርቀቱ ሳይሆን በክብሩ ነው። ቅዱሱ ይገዝፋል፣ አጃቢው ያንሳል፤ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ሲታዩ ኃጥኣን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ሥዕል አይቶ ሠዓሊው መጠን አያውቅም የሚል የሥነ ጥበብ ተማሪ ዛሬ አይገኝም፤ መጠኑ በትርጉም የተለካ መሆኑ ታውቋልና። የትንሿ መኪና ጎማም እንዲሁ ነው። ጭቃ ውስጥ የምትወድቀውም ከጭቃ የምትወጣውም በጎማ መሆኑን ያየ ልጅ ጎማን ቢያገዝፍ ያከበረውን ማግዘፉ ነው።

ከዚህም በላይ የበሰለ እጅ ያለው ሠሪ ልክ የለውም ማለት አይቻልም። ሜትር ባይኖረው ስንዝርና ጋት አለው። ካቢናው አንድ ስንዝር ከሆነ ጭነቱ ሁለት ስንዝር ይሆናል፤ ከመሬት እስከ ስፖንዳ ጋት ከሆነ ስፖንዳውም ጋት ይሆናል። ሁሉም ክፍል በአንድ እጅ ስለሚለካ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። መመጣጠን ማለት በመሠረቱ ይህ ነው፤ ቁጥር ሳይሆን የክፍሎች ዝምድና ነው። ጉድለቱ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ስንዝሩ የአንድ ልጅ ስንዝር ስለ ሆነ ሥራው ከሠሪው እጅ ውጭ አይነበብም። ሌላው ሰው መኪናዋን አይቶ እውነተኛዋ ይህን ያህል ሜትር ነበረች ሊል አይችልም። መልክ ተገኘ፤ ልክ ግን ከልጁ ጋር አብሮ አድጎ ጠፋ።

ይህን ክፍተት ለመረዳት ጥበቡ በሌላው ዓለም የያዘውን መንገድ መመልከት ይጠቅማል። በካርታ ትምህርት መስፈርት የሚባለው ሐሳብ በሞዴል መኪና ሥራም ዋና ሕግ ነው። በሰፊው ከሚሠራባቸው መስፈርቶች አንዱ 1 ለ 24 ሲሆን፣ ግማሽ ኢንች አንድ ጫማን እንዲወክል ከመደረጉ የመጣ ነው። ሌላው 1 ለ 25 ነው። በአሜሪካ ኤ.ኤም.ቲ. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ተበታትኖ በሣጥን የሚሸጥ፣ ገዢው እያጣበቀ የሚገጣጥመው የፕላስቲክ ሞዴል በዚህ መስፈርት አወጣ። ከአንዱ ሣጥን ሦስት ዓይነት መኪና ይወጣ ነበር፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣች፣ በባለቤቷ ምርጫ ያጌጠች፣ ወይም ለውድድር የተዘጋጀች። ከእነዚህ ሞዴሎች መካከል ልዩ ፍቅር ያላቸውን ሠሪዎች ያፈራው «ስቶክ ካር» የሚባለው የድሮ የውድድር መኪና ነው። የስሙ ትርጉም ከሱቅ እንደ ተገዛች ያለች፣ ያልተለወጠች መኪና ማለት ነው። ለእሽቅድምድም ተብላ ያልተፈጠረች፣ ሰው ሁሉ ገበያ የሚሄድባት ተራ መኪና ናት።

የዚህ ውድድር ታሪክ ለሞዴል ሠሪ አንድ ከባድ ትምህርት ይዟል። ናስካር የተባለው የአሜሪካ የእሽቅድምድም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ተቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት በጁን ወር በሻርሎት ከተማ ያልተለወጡ መኪናዎች ብቻ የሚገቡበትን የመጀመሪያ ውድድር አካሄደ። በቀዳሚነት የገባው ግሌን ደናዌይ የነዳት እ.ኤ.አ. የ1947 ፎርድ ነበረች። ከውድድሩ በኋላ መኪናዋ ስትመረመር የኋላ ባሌስትራዋ ተለውጦ ተገኘ፤ ምክንያቱም መኪናዋ ያልተፈቀደ አረቄ የምታመላልስ ስለ ነበረች ጭነት እንድትችል ተደርጋ ነበር። ደናዌይ ተሰረዘ፤ ድሉም በሊንከን መኪና ለተወዳደረው ለጂም ሮፐር ተሰጠ። የፎርዷ ባለቤት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ቢወስድም አልቀናውም።

አንድ ሞዴል ሠሪ ያችን ፎርድ በ1 ለ 24 ሠራት እንበል። ቀለሟን አገኘ፤ በበሯ ላይ የነበረውን ቁጥር ከፎቶግራፍ ቀዳ፤ መስተዋቷን አጠራ፤ ባሌስትራዋን ግን ከሣጥኑ እንዳገኘው አድርጎ ገጠመው። ይህ ሥራ በልክ ረገድ ምሉእ ሊሆን ይችላል፤ በእውነት ረገድ ግን ባዶ ነው። የመኪናዋ ታሪክ ሁሉ ያለው ከሆዷ ሥር፣ ዓይን ከማይደርስበት ከዚያ ብረት ላይ ነበርና። በዚህ ጊዜ የምንጃሩ ልጅ ከቆርቆሮ ስስ ዘርፎች ደራርቦ የሚያበጀው ባሌስትራ ክብሩ ጎልቶ ይታያል። እርሱ የሻርሎትን ወሬ አልሰማም፤ ነገር ግን መኪና ስትጫን የምትናገረው በባሌስትራዋ መሆኑን ያውቃል። የሸክሙን ሥፍራ ያወቀ ሠሪ የመኪናዋን ነፍስ አውቋል ቢባል ግነት አይሆንም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌም በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩት በቮልስዋገን ነበር። ያች መኪና ታሪክ የሆነችው ተለውጣ ሳይሆን ሳትለወጥ ነው። በታላላቅ መኪናዎች ሲታጀቡ የኖሩት ንጉሠ ነገሥት ማንም መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ በሚነዳት ትንሽ መኪና መውጣታቸው የነገሩ ሁሉ ትርጉም ሆነ። ይህችን መኪና በሞዴል ሊሠራ የሚነሣ ሰው ጌጥ ቢጨምርባት፣ ቀለሟን ቢያንቆጠቁጥ፣ ባንዲራ ቢሰካባት ያፈርሳታል። ተራነቷን በትክክል መሥራት ይኖርበታል፤ ተራነትን መሥራት ደግሞ ከጌጥ ሥራ ሁሉ የሚከብድ ነው። እንግዲህ የሻርሎቷ ፎርድ እውነት በተለወጠው ክፍሏ ውስጥ ሲገኝ፣ የዚህች ቮልስዋገን እውነት ባለመለወጧ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱን የሚለየው መስፈሪያ ዘንግ አይደለም፤ ስለ መኪናዋ ያለው ዕውቀት ነው።

መስፈሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ሌላም ማስረጃ አለ። የቀድሞዋ ቮልስዋገን ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ40 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት በቶሊያቲ ከተማ በፊያት 124 ንድፍ ላይ ተመሥርታ የተሠራችውና በአዲስ አበባ በሰማያዊና በነጭ ቀለም የታክሲ ምልክት ለመሆን የበቃችው ላዳም ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7፣ የጎማዎቿ ርቀት 2 ሜትር ከ42 ነው። በ1 ለ 24 ሲሠሩ ሁለቱም 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ የጎማዎቻቸው ርቀትም 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በገመድ ብቻ የሚለካ ሰው መንታ ናቸው ይላል። ሕፃን ልጅ ግን ከሩቅ ይለያቸዋል፤ አንዷ ቅስት ናት፣ ሌላዋ ሣጥን ናት። ልክ ያለ መልክ እዚህ ላይ ይሸነፋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው ፊያት 600፣ በኢትዮጵያውያን አጠራር ሴይቼንቶ፣ በዚያው መስፈርት 13 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ናት። ሦስቱን መኪናዎች በአንድ መጠን ሠርቶ ጎን ለጎን የሚያሰልፍ ሠሪ ቅስቱንና ሣጥኑን ቢያሳምርም የሴይቼንቶን ዋና ጠባይ፣ ማለትም ማነሷን፣ ሰርቋታል። መልክም ያለ ልክ እንዲህ ይሸነፋል።

ነገሩ የቴክኒክ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ማስጨነቅ ባልተገባው ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር አለበት። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ብዙ መኪናዎች ዘመን ሆነው አልፈዋል። ሴይቼንቶ ታክሲ ነበረች፤ ኤንትሬ በመባል የታወቀው የፊያት 682 ካሚዮን ከነተሳቢው አገር ያቀና ነበር፤ ኢፋ ከምሥራቅ ጀርመን መጥታ እህልና ሰው ተሸክማለች። እነዚህ መኪናዎች ሲያረጁ አካላቸው ለመለዋወጫ ይበለታል፤ የተረፈው ብረትም እንደ ምናለሽ ተራ ባሉ ሥፍራዎች ወደ ምድጃ፣ ወደ በርና ወደ ማረሻ ይለወጣል። ብረቱ አልባከነም፤ ቅርጹ ግን ጠፋ። ለቅርጹ የሚደረገው ኀዘን ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም። ሴይቼንቶም፣ ኤንትሬም፣ ላዳም የፋብሪካ ንድፍ የነበራቸው ናቸው፤ በኢትዮጵያ ቢጠፉም በሌላ አገር ሙዚየም ይገኛሉ።

ሊጠፉ የማይገባቸው ግን ከጠፉ ወዲያ የማይገኙት በሀገር ውስጥ እጅ የተበጁት ናቸው። መንገደኞች በሁለት ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለሚሄዱባት «ውይይት» የተባለችው ታክሲ አንዷ ናት። በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል ተቀጥቅጦ የተሠራላት፣ ስሟንም ከዚያው ከመዶሻው ያገኘችው «ቅጥቅጥ» ሌላዋ ናት። ሻንሲው ከውጭ መጣ እንጂ አካሉ፣ መስኮቱ፣ ወንበሩ፣ መሰላሉና የጣሪያው ዕቃ መጫኛ የጋራዥ ሠራተኛው ፈጠራ ነው። ንድፉ ያለው በአንድ ሊቅ እጅ ውስጥ ነው፤ ሊቁ ሲያርፍ ንድፉም ያርፋል። እነዚህ መኪናዎች የኢትዮጵያ ስቶክ ካሮች ናቸው ቢባል ያስኬዳል፤ ተራ መኪናዎች ሆነው ሳለ ለኑሮ ሲባል በእጅ የተለወጡ ናቸውና። በልክ የተሠራ ሞዴል ለእነርሱ ጌጥ አይደለም፤ ብቸኛ መዝገባቸው ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በመታሰቢያ ዕቃ ንግድ የሚቀርበው ትንሽ ታክሲ ዝቅተኛውን ደረጃ ይይዛል። ጎማው የማይዞር፣ በሩ የማይከፈት፣ ሰማያዊና ነጭ በመቀባቱ ብቻ ላዳ የተባለ ሣጥን የመኪናውን ቀለም ይሸጣል እንጂ መኪናውን አይናገርም። የስንዝሩ ልክ የለውም፤ የመስፈሪያውም ልክ የለውም። የልጁ መኪና ልክ ቢጎድላት በዕውቀት ታካክሰዋለች፤ የሣጥኑ ሞዴል ዕውቀት ቢጎድለው በልክ ይካሳል፤ ይህ ግን ከሁለቱም የለበትም። ገዢው በዚህ ሥራ ረክቶ መሄዱ ሠሪው ከዚያ በላይ እንዳይጥር ማድረጉ ደግሞ የከፋው ጉዳት ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ልጁን ከጨዋታው ማስወጣት አይደለም፤ ጨዋታውን ወደ መዝገብ ማድረስ ነው። መንገዱም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን፣ ማለትም በ1 ለ 20፣ መስፈርት ቢያዝ ስሌቱ ለማንኛውም የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቀላል ነው። 6 ሜትር የሚረዝም የጭነት መኪና 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ልጆች ከሚወዱት መጠን አይርቅም። በአረርቲ መኪና ማቆሚያ የቆመችን መኪና በገመድ ለክቶ፣ ርዝመቷን፣ ወርዷን፣ የጎማዎቿን ርቀትና የስፖንዳዋን ቁመት በደብተር ላይ ጽፎ ወደ ሽቦው መመለስ የሒሳብም፣ የሥዕልም፣ የታሪክም ትምህርት ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የቆርቆሮ ሥራን ሲያስተምሩ ተማሪው አንዲት ቅጥቅጥ ለክቶ በትንሹ እንዲሠራ ቢያደርጉ ሁለት ጥቅም በአንድ ይገኛል፤ ሙያተኛ ይፈጠራል፣ ቅርስ ይመዘገባል።

የባህል ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ ክፍሎችም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ትንሿ መኪና ለሽልማት ስትቀርብ በአንድ መመዘኛ ከሸማና ከመሶብ ጋር ማወዳደር ፍርድ ማጓደል ነው። በሁለት ወገን መመዘን ይኖርባታል። በነጻ እጅ የተሠራችው በምታሳየው የመኪና ዕውቀት፣ በእንቅስቃሴዋና በዕቃ አጠቃቀሟ ትመዘን፤ በመስፈርት የተሠራችው ደግሞ በልኳ ትክክለኛነትና በጻፈችው ታሪክ ትመዘን። ከሥሯም የትኛዋ መኪና እንደ ተለካች፣ በየትኛው ዓመትና በየትኛው ከተማ እንደ ሆነ ይጻፍ። ጽሑፉ ከሌለ ልኩ ምስክር የለውም። በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሥር የሚገኘው የሥነ ሕዝብ ሙዚየም የኢትዮጵያን ሕዝቦች ሕይወት ከልደትና ከልጅነት እስከ ሞት በተርታ የሚያሳይ ነው። በዚያ ተርታ ውስጥ የሽቦ መኪና በልጅነት ክፍል ብቻ ሳይሆን በሥራና በሙያ ክፍልም ቦታ ሊሰጣት ይገባል፤ ሁለቱን ዕድሜዎች የምታገናኝ ድልድይ ናትና። ዛሬ ሽቦ የሚያጥፈው ልጅ ነገ ሻንሲ ላይ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ሰው ነው።

አንዳንዶች መስፈሪያ በልጅ እጅ ውስጥ ሲገባ ነጻነቱን ይገድለዋል ይሉ ይሆናል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። የሣጥኑ ሞዴል ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ከወደቁበት ጉድጓድ አንዱ ይኸው ነው፤ የብሎኑን ቁጥር እያስታወሱ የጭነቱን ትርጉም ይረሳሉ። ነገር ግን መድኃኒቱ መስፈሪያውን መጣል አይደለም። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ቤቱንና ልኩን ይጠብቃል፤ ልኩን በመጠበቁ ምሥጢሩ አይጠፋበትም፤ እንዲያውም ምሥጢሩ የሚጠራቀመው በልኩ ውስጥ ነው። ትንሽ መኪና ሠሪም ባሌስትራው የት እንደሚዝል፣ ስፖንዳው የት እንደሚጎብጥ፣ መሰላሉ በስንት እግር እንደተረገጠ ካወቀ በኋላ ቢለካ ዕውቀቱ ይጸናለታል እንጂ አይሸሸውም። አስቀድሞ ለክቶ በኋላ ለማወቅ የሚፈልግ ግን የሚያገኘው የመኪና ቅርፊት ነው።

ስለዚህ የዚህ ጥበብ የወደፊት ዕድል የተንጠለጠለው በሁለት ዕውቀቶች ጋብቻ ላይ ነው። ሸክምን የሚያውቀው የገጠር ከተማ ልጅ መልኩን ያመጣል፤ መስፈርትን የሚያውቀው ትምህርት ቤት ልኩን ይሰጣል። ልክ የሌለው መልክ ከሠሪው ጋር ይረሳል፤ መልክ የሌለው ልክም ማንንም አያስታውስም። የእህል አገር ሰው ሚዛን ሳያይ አይሸጥም፤ ሚዛን አይቶም እህሉን ሳይዘግን አይገዛም። ትንንሾቹ መኪናዎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ሁለት እጥፍ ፍርድ ነው። ፍርዱን ለመስጠት ጊዜው አጭር ነው፤ በእጅ የተቀጠቀጡት መኪናዎች አንድ በአንድ ከመንገድ እየወጡ ነውና፣ ሊለካ የሚችለው ደግሞ ገና የቆመው ብቻ ነው።